ቴፑን ከመቀየርህ በፊት ሸገርን ክፈትና ቁጥሩን እየው

ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው። የ2002 ሞዴል ቪትዝ አለው። ቴፑ ካሴትና ሲዲ ብቻ ነው የሚወስደው፤ የፍላሽም የኦክስም ቀዳዳ የለውም። ላይተሩ ላይ የሚሰካውን የብሉቱዝ ማስተላለፊያ ገዛ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወርዶ ሜክሲኮ እስኪደርስ ግን ዘፈኑ እየተቆራረጠና እየተንሿሿ አስመረረው። «ቴፑን ልቀይረው ወይስ መላ አለው?» ይላል።

መላ አለው። እኔ በበኩሌ አትቀይር ባይ ነኝ።

ማስተላለፊያው ራሱን የቻለ ትንሽ የኤፍኤም ጣቢያ ነው። ስልክህ ዘፈኑን በብሉቱዝ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ባለው መስመር ላይ ያሰራጨዋል። ቴፕህ እንደማንኛውም ጣቢያ ይቀበለዋል። ችግሩ መኪናህ የጃፓን መሆኑ ላይ ነው። የዚያን ዘመን የጃፓን ራዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው። የኛዎቹን ጣቢያዎች ደግሞ እያቸው፤ 96.3፣ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ሁሉም ከ90 በላይ ናቸው። ለዚህ ነው ከቴፑ ኋላ፣ የአንቴናው ገመድ ላይ፣ ባንድ ኤክስፓንደር የሚሏት የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ የሚገጥሙት። ሥራዋ ጣቢያዎቹን ቴፑ ወደሚያውቀው ቁጥር ማውረድ ነው።

ያንተ መኪና ላይ መኖር አለመኖሯን ለማወቅ ዳሽቦርድ ማስፈታት አያስፈልግህም። ሸገርን ክፈት። ስክሪኑ ላይ 84.1 ካየህ ያንን ከ102.1 ቀንስ። 18 ይመጣል። በ18 ታወርዳለች ማለት ነው። 88.1 ካየህ ደግሞ በ14። እንደ ዕቃው ይለያያል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማስተላለፊያውን 88.5 ያደርጋል፤ ቴፑንም 88.5 ላይ ያቆማል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ይገናኛሉ ብሎ ነው። በ18 የምታወርድ ኤክስፓንደር ካለች ግን የቴፑ 88.5 በእውነቱ 106.5 ነው። አንዳንዴ ዘፈኑ ይሰማል፣ እውነት ነው፤ ግን ሾልኮ የገባ ደካማ ድምፅ ነው። ትንሽ ነገር ሲነካው ይጠፋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ማስተላለፊያውን ንቀለው። ቴፑን ቀስ እያልክ አንድ በአንድ አሳልፈው፤ ወሬም ዘፈንም የሌለበት፣ ወጥ የሆነ ሹሹታ ብቻ የሚሰማበት ቦታ ፈልግ። ግራና ቀኙም ባዶ ቢሆን ይመረጣል። 81.3 ላይ አገኘህ እንበል። 18 ጨምርበት፤ 99.3። አሁን ማስተላለፊያውን ሰክተህ 99.3 ላይ አድርገው፣ ቴፑን 81.3 ላይ ተወው። አለቀ። ይህን ፍለጋ ግን ግቢህ ውስጥ ቆመህ አታድርገው። ሰፈርህ ላይ ባዶ የሆነ ቁጥር መሀል ከተማ ስትገባ ባዶ ላይሆን ይችላል። ስታዲየም ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ጥግ ይዘህ ብትሞክረው ነው የሚሻለው።

ቴፑ የአዲስ አበባን ጣቢያዎች ጭራሽ የማይዝ ከሆነ ደግሞ ኤክስፓንደር የለህም። ያኔ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ ቁጥሩንም ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ታደርጋለህ። ዜና ካልናፈቀህ ይሄኛው እንዲያውም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ከፋብሪካ በመጣበት ቁጥር ላይ እንዲሁ አትተወው። ብዙ ሹፌር አይነካውም። ሜክሲኮ መብራት ይዞህ ስትቆም አጠገብህ ያለው ሚኒባስ እዚያው ቁጥር ላይ ከሆነ፣ አንተ ትዝታ ከፍተህ የሰውዬው መዝሙር ከች ይልብሃል። እሱም ያንተን እየሰማ ግራ ገብቶት ይሆናል።

የስልኩን ድምፅ ደግሞ ጥግ ድረስ አትልቀቀው። ከጥጉ ትንሽ መልሰው፤ የቀረውን በቴፑ ጨምር። አለዚያ ቁጥሩ ልክ ሆኖም ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ እኔ አንተን ብሆን ማስተላለፊያውን ትቼ ወደ ካሴቱ ነበር የምሄደው። የካሴት ማስገቢያ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ካሴት መሳይ አስማሚ አለ፤ ውስጡ ክር የለውም፤ የቴፑን «ሄድ» (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) የሚገጥም ትንሽ ሄድ ብቻ ነው ያለው። ከጎኑ ገመድ ይወጣና ስልክህ ላይ ይሰካል። ነገሩ ሬዲዮ ስላልሆነ ጣቢያ አይገባበት፣ የጎረቤት መኪና አይገባበት። ድምፁም ይበልጣል። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው፣ ያንተም ከሌለው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ያስፈልግሃል። በብሉቱዝ የሚሠራም አለ፤ እሱ ግን ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል። እንደ ድሮው በየሱቁ አታገኘውም። መርካቶ ዞር ዞር ብለህ ጠይቅ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስመጣ።

ከመክተትህ በፊት የቴፑን ሄድ አጽዳው። የጆሮ ጥጥ አልኮል ነካ አድርገህ በቀስታ ጥረገው፤ ቡናማ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ያ ቆሻሻ ነው ድምፁን የሚያፍነው። ካስገባኸው በኋላ ድምፅ ከሌለ ወይም ወዲያ ወዲህ እያለ ካስቸገረ፣ የካሴቱን ገጽ የሚቀይረውን ቁልፍ ተጫን፤ ቴፑ በሌላኛው ገጽ እያነበበ ይሆናል። ዘፈኑ ሲቀዘቅዝ የአስማሚው ጥርሶች ጠቅ ጠቅ ትሰማለች። ያቺን ቻላት።

ስልኩን በላይተር ቻርጅ እያደረግክ ስታዳምጥ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር የሚቀጥን ሲሲታ ከሰማህ፣ የዲናሞው ነው። ቻርጀሩን ንቀለው። ከጠፋ ገመዱ መሀል የሚገባ ጩኸት ማጥፊያ ይሸጣል፤ ካልፈለግክ ቤት ቻርጅ አድርገህ ውጣ።

ሲዲ ማቃጠልም ይቻላል፤ ግን ቴፑ ፊት ላይ ኤምፒ3 የሚል ጽሑፍ ከሌለው አንድ ሲዲ የሚይዝልህ 80 ደቂቃ ነው። አያዋጣም።

የለም፣ እቀይራለሁ ካልክ ደግሞ ገጣሚው የመኪናውን ፕለግ እንዳይቆርጠው ተቆጣጠር። ለቶዮታ የሚሆን መቀየሪያ ፕለግ አለ፤ እሱን ግዛ። አዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ሁሌ ኃይል ያለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነሳ፣ ጥቁሩ ምድር (ግራውንድ) ነው። አንዳንዱ ለመገላገል ቢጫና ቀዩን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ቴፑ ቁልፍ ነቅለህም አይጠፋም፤ ሳታጠፋው ካደርክ ባትሪው አልቆ ጠዋት መኪናው ላይነሳልህ ይችላል። ስለዚህ ሂሳብ ከመክፈልህ በፊት ቁልፉን ንቀልና ቴፑ አብሮ መጥፋቱን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ።