ከብሩሽ ወደ ሕግ፦ መሀል ላይ ያለውን መጻፍ አትዝለሉት

ሥዕል ወይ ቲያትር ተምረው አሜሪካ የመጡ ልጆች «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሎው ስኩል ልግባ ብል እብደት ነው እንዴ?» ይሉኛል። እብደት አይደለም። ግን አብዛኞቻችሁ ብሩሹን አስቀምጣችሁ በማግስቱ ጠበቃ መሆን ነው የምትፈልጉት።

እኔ ሰዓሊ ነኝ፣ ዛሬም እስላለሁ። ሥዕሉ ኪራይ አልከፍል ሲለኝ መጻፍ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ስለራሴ ኤግዚቢሽን፣ ከዛ ለሌሎች የግራንት ማመልከቻ ምናምን፣ ከዛ ጓደኞቼ ከጋለሪ ጋር የሚፈራረሙትን ውል ይዘን «ይሄ አንቀጽ ምን ሊል ነው?» እያልን ስንጨቃጨቅ ሕጉ በዛ በኩል ያዘኝ።

ስንቱ ሰዓሊያችን ለሬስቶራንት ግድግዳ ሥዕል ይሸጥና ባለቤቱ ሜኑ ላይ ቲሸርት ላይ ሲያትመው «ምን ላድርግ፣ ሸጬዋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እዚህ አገር ሸራውን ሸጥክ ማለት ኮፒራይቱን (ሥራውን የማባዛት መብቱን) ሸጥክ ማለት አይደለም፣ ኮፒራይቱ የሚተላለፈው አንተ በፈረምከው ጽሑፍ ነው፣ እዚሁ የወጣ ሥራ ከሆነ ግን ከመክሰስህ በፊት ኮፒራይት ኦፊስ ማስመዝገብ አለብህ። የኛ አገር አዋጅ 410/1996 ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፣ የዚህ 70 ነው። ይሄን ስታነቡ ደማችሁ ከሞቀ ሕግ ይሆናችኋል፣ ካዛጋችሁ ግን ብራችሁን አታቃጥሉ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ የባችለር ዲግሪው በምንም ፊልድ ቢሆን ችግር የለውም፣ የሥነ ጥበብም ይሆናል (የድሮ ዲፕሎማ ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ አስገምግሙት)። ኤልሳት (የሎው ስኩል መግቢያ ፈተናው) ከ120 እስከ 180 ነው የሚታረመው፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ያ የሎጂክ ጌም የሚሉት የእንቆቅልሽ ክፍል ወጥቶለት አሁን ማንበብና ክርክር መመርመር ነው የቀረው፣ ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ በየቀኑ አንብቡ ጻፉ የምለው። ጄዲ (የሕግ ዲግሪው) በሙሉ ሰዓት 3 ዓመት ነው፣ ሥራ ለሚሠራ የማታ ያላቸው አሉ፣ ወደ 4 ዓመት ይወስዳል። ብድር ላይ ተጠንቀቁ፣ ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚሉት የፌዴራል የድኅረ ምረቃ ብድር ቀርቷል፣ ለሕግ ተማሪ የፌዴራሉ ጣሪያ በዓመት 50,000 ዶላር ነው፣ ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሳይዙ ውድ ትምህርት ቤት መግባት አይታየኝም።

አንድ የምለምናችሁ ነገር፣ እስክትማሩ ድረስ እያላችሁ የሰው የጥገኝነት ፎርም በገንዘብ እየሞላችሁ የሕግ ምክር አትስጡ። ያለፈቃድ ጥብቅና ነው፣ ለባር (ለጥብቅና ፈቃድ) ስታመለክቱ ደግሞ ጸባያችሁን ወደኋላ ሄደው ይመረምራሉ። መርዳት ከፈለጋችሁ ጀስቲስ ዲፓርትመንት ዕውቅና በሰጠው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ገብታችሁ፣ ጠበቃ ሳትሆኑ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው እንድትወክሉ የሚፈቀድበት መንገድ አለ፣ ድርጅቱ ነው የሚያመለክትላችሁ። እኔ ብሆን ኤልሳት ከመመዝገቤ በፊት እዛ ገብቼ ነበር የምሞክረው።