መልስ፦ ውሃ በቀየርኩ ማግስት አሳዎቼ ይሞታሉ

እህቴ፣ በየሳምንቱ የአኳሪየሙን (የአሳ ማኖሪያ መስታወቱን) ውሃ ሙሉ በሙሉ እደፋለሁ፣ ጠጠሩንና የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ፣ በማግስቱ ግን አሳ ሞቶ አገኛለሁ ብለሻል። አይዞሽ፣ ስለሳሳሽላቸው ነው።

ችግሩ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። የአሳ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ አሳ ይገድላል። ይህን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የቧንቧው ክሎሪን እነሱን ይፈጃቸዋል። ያ ስፖንጁ ላይ እጅሽን የሚያሙለጨልጨው ቡናማ ነገር ቆሻሻ ይመስላል እንጂ የአሳዎችሽ ሕይወት ነው።

ከአሁን በኋላ በሳምንት ሩቡን ብቻ ቀይሪ። አዲሱን ውሃ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኚ 24 ሰዓት አቆዪው፣ ክሎሪኑ ይተናል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ በቃ። አዲስ አሳ ለአንድ ወር ያህል አትጨምሪ።

አኑቢያስ የተባለው የውሃ ተክልሽ የበሰበሰው ወፍራም ግንዱን ጠጠር ውስጥ ስለቀበርሽው ይመስለኛል። አውጥተሽ ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው፤ ሥሩ ራሱ ይይዛል። መብራት በቀን 8 ሰዓት ይበቃዋል።

አሳዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲለቅሙ ካየሽ ግን ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ሩቡን አስቀድመሽ ባቆየሽው ውሃ ቀይሪ።