ጓሳን ያቆየው አጥር አይደለም

ወንድሜ፣ «የተከለለ ቦታ የዱር እንስሳት ነው፤ ባህል ምን አገባው?» ላልከው፣ መንዝ ጓሳን ልንገርህ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ውርጫም ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ያቆያቸው ግን አጥር አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው «ቄሮ» በሚባል የጋራ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ከከብትም ከማጭድም ይከለላል፤ በቂ ሲያድግ ይከፈትና ሰው ወጥቶ ያጭዳል። የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይገመድበታል። ገሳም ይሠራበታል። እረኛው ካፊያ ሲጀምር ገሳውን ላዩ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ውሃው በሣሩ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ ትከሻው ግን ደረቅ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቄሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይሄ ነው። ሥርዓቱ ሲላላ ሣሩ ይሳሳል፤ ሣሩ ሲሳሳ አይጡ መጠለያ ያጣል፤ ቀበሮው ደግሞ የሚኖረው በአይጡ ነው። ታዲያ የቱ ጋ ነው ተፈጥሮው አልቆ ባህሉ የሚጀምረው?

ከሄድክ የቀበሮ ፎቶ ብቻ ይዘህ አትመለስ። አንድ የመንዝ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ በልና ስለ ቄሮ ጠይቃቸው።