ለደብረ ብርሃን ሰው ሁለተኛ መኪና፦ ሲሲ ከመቁጠርህ በፊት

ወንድማለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብል ጋቢና አለህ፤ ለሥራ ወደ መንዝ ትመላለስበታለህ። አንተ ስትወጣ ባለቤትህና ሁለቱ ልጆች ባጃጅ ሲጠብቁ ያረፍዳሉ። ስለዚህ ሁለተኛ መኪና አሰብክ። ዋጋው የማይጎዳ፣ ቤንዚን የማይጠጣ፣ ሲነዱት ግን ደስ የሚል። የቶዮታ ቪትዝ፣ የሱዙኪ ዲዛየር ወይስ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብለህ ጠየቅክ። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች ከአነጋገራቸው አዲስ አበባ የሚነዱ ይመስላሉ። እኔ የምነዳው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለተኛ መኪና ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ፤ አንዴ ተሸውጄ፣ አንዴ ቀንቶኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻለኝ።

ከአየሩ ልጀምር፤ ይሄን ማንም አላነሳልህም። ከተማችን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ 1000 ሲሲ (የሞተሩ መጠን ነው) ብለው የሸጡልህ መኪና እኛ ጋ ሲደርስ የ750 ሲሲ ያህል ነው የሚጎትተው። አዲስ አበባም ከፍታ አለው፣ ግን እንደኛ አይደለም። ደብል ጋቢናህ ቱርቦ ካለው ይሄ ነገር ብዙም አልታወቀህ ይሆናል። ትንሿ መኪና ላይ ግን ሚስትህንና ልጆችህን ጭነህ፣ ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ አድርገህ ዳገት ስትጀምር ይገባሃል።

ታዲያ ትልቅ ሞተር ግዛ ማለቴ አይደለም። ቀላል መኪና ግዛ፤ ማርሹ ደግሞ ማኑዋል ይሁን። ሞተሩ ሲደክመው ማርሹን ቶሎ የምታወርደው አንተ ነህ፤ እስኪገባው አትጠብቀውም። ደስታው ያለውም እዚያው ነው። ብዙ ሰው ደስ የሚል መኪና ሲባል የፈረስ ጉልበት ይቆጥራል። ጉዶ በረትን አልፈህ ወደ ጣርማ በር ስትጠጋ፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣ ከአራት ወደ ሦስት አውርደህ ሞተሩ ድምፁን ቀይሮ ሲይዝልህ የሚሰማህን ስሜት 200 ፈረስ አይሰጥህም። ዋሻውን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ማርሽ መኪናውን ይይዝልሃል። ፍሬን ላይ ተኝተው የሚወርዱትን ከኋላቸው ስትደርስ በጠረናቸው ታውቃቸዋለህ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው።

አሁን ወደ ተሸወድኩበት።

የመጀመሪያዋ ቪትዝ ነበረች። ቪትዝ መጥፎ መኪና አይደለችም፤ ሞተሯ ጠንካራ ነው፣ ካሟን (የቫልቮቹን መክፈቻ ዘንግ) የምታዞረው በቼን፣ ማለትም በብረት ሰንሰለት እንጂ በጎማ ቺንጋ አይደለም፣ መለዋወጫዋም የትም አለ። ነገር ግን ከጃፓን ስትወጣ መሪዋ ቀኝ ነው። እኛ ጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ ነው። ጌጁ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ ለማዞር ትመቻለች። የእኔዋን ያዞራት ሰው የፍሬቻውን ዘንግ እንዳለ ትቶት ነበር። ፍሬቻ ላሳይ ስል የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ጠባሴ ጋ በጠራራ ፀሐይ መስታወት እየጠረግኩ ስታጠፍ ስንት ሰው ስቆብኛል።

ያ የሚያስቀው ነው። የማያስቀው የመሪው መገጣጠሚያ ነው፤ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ኤርባጉም አልነበረም። ይሄን እንዴት እንደምታውቅ ልንገርህ። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ስትከፍት የኤርባጉ መብራት ጌጁ ላይ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል ማለት ነው። ሻጩ «እቺ ምንም ምልክት አታሳይም፣ ንጹሕ ናት» ሲለኝ እውነቱን ነበር! ልጆች የምትጭንበት መኪና ነውና ይህን ሳታይ እንዳትከፍል።

ከዚያ ደግሞ ሞተሩ መጣ። ከሸዋሮቢት ስንመለስ ደብረ ሲናን እንዳለፍን ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። የእኔዋ ቪትዝ የሙቀት ጌጅ የላትም፤ መብራት ብቻ ነው፣ ሲበራ ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዳር አወጣኋት። ቀዝቀዝ ስትል የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎበታል። ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል፤ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ቴስታና ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ከመሸጡ በፊት ዘይት ቀይረው፣ ክዳኑን ጠርገው ሰጥተውኝ ነው፤ ከተማ ውስጥ ስነዳት ሁለት ወር ሙሉ አልነቃሁም። ዳገት ነው ያጋለጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በእኛ ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ውስጡም የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ እኛ አገር ከሌላው ቀድሞ ይፈላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) አድርግ፤ አዲስ ክዳን ግዛ። ሁለቱ አንድ ላይ የአንድ ጓርኒሲዮን ሥራን ዋጋ ጫፍ አይደርሱም።

ቪትዟን አሠርቼ፣ ያለባትን ሁሉ ለገዢው ነግሬ በኪሳራ ሸጥኳት። ቀጥሎ ያሪስ ገዛሁ፤ 1300 ሲሲ፣ ማኑዋል፣ መሪዋ ከፋብሪካ ግራ የሆነ። የቪትዝ እህት ናት፤ ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። ቀለሟ አያምርም፣ የኋላ በሯ ተገጭቶ ተጠግኗል። እኔ ግን ቀለም አልነዳም። ለባለቤቴ ብዬ ነበር የገዛኋት፤ አሁን ያሪሷን ፈልጌ የምለምነው እኔ ሆኛለሁ።

የነዳጇን ነገር በግምት ሳይሆን አፍ ድረስ እየሞላሁ አስልቼዋለሁ። ከተማ ውስጥ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ80 ከነዳኋት 15 ሊትር ይበቃታል፤ በሊትር 17 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የሳሳው አየር ውለታም ይውላል፤ ጉልበት ቢቀንስም መኪናውን ፊት ለፊት የሚገፋው ነፋስም አብሮ ይሳሳል። በ110 ከሄድክ ግን ውለታውን ትበላዋለህ።

አሁን ሂሳብ። ልጆች ማድረስ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ብለን በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በወር 500 እንበል። ሊትሩን ለስሌት እንዲቀል በ100 ብር እንያዘው። ደብል ጋቢናህ በሊትር 9 ቢሄድ በወር 55 ሊትር ይፈልጋል፤ ያሪሷ 38። የ1700 ብር ልዩነት ነው። በዓመት 20 ሺ ብር ገደማ። ጥሩ ነው፣ ግን መኪና አይገዛም። ስለዚህ «ሁለተኛ መኪና ነዳጅ ይቆጥብልኛል» ብለህ ለራስህ አታስረዳ። የምትገዛው ባለቤትህ ዝናብ ላይ እንዳትቆም ነው፤ እሱም በቂ ምክንያት ነው።

በሊትር 14 በሚሄድና 16 በሚሄድ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ አስላው። በ500 ኪሎ ሜትር አራት ሊትር ተኩል አይሞላም። ደላላው «እቺኛዋ ትቆጥባለች» እያለ ለዚህ ሲል ሁለት መቶ ሺ ብር ቢጨምርብህ ሳቅበት። ይልቅ ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስተን፣ ቁርስ እስክንበላ ሩብ ሰዓት የምናቆመውን ልማድ ብትተው ይሻላል። አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብለህ እየነዳህ ታሞቀዋለህ።

ዲዛየር ብለሃል። ለአንተ ከሦስቱ የማደላው ለእሷ ነው፤ ማኑዋሏን ካገኘህ። ሞተሯ 1200 ሲሲ፣ ወደ 83 ፈረስ ነው፤ እኛ ጋ ስትደርስ ስድሳ ገደማ በላት። ግን ክብደቷ 900 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ አትለፋም። ከኋላ ሻንጣ አላት፣ ለቤተሰብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኮብልስቶን ላይም ሆዷ አይነካም። ሜትር ታክሲዎቹ ስለሚነዷት መካኒኩም ዕቃውም ሞልቷል። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። የምታያት ሁሉ ታክሲ ሆና የኖረች ልትሆን ትችላለች። ኪሎ ሜትሩ 60 ሺ ይላል፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ ተመልከት፣ የመሪውን ቆዳ ተመልከት፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ዳስስ። ጎማው አልቆ ብረቱ እያበራ 60 ሺ የሚባል ነገር የለም። ሊብሬውን ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የገባች እንዳትሆን ጉዳዩን ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ አይዞርልህም።

አውቶማቲክ ቪትዝ ይሻለናል ካላችሁ አልጣላህም፤ ባለቤትህ ፍሪሲዮን የማትወድ ከሆነ የእሷ ቃል ይጽና። ሲቪቲ (እርከን የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ከሆነ ግን የካምቢዮ ዘይቱ ለብቻው ነው። ተራ የካምቢዮ ዘይት የጨመረበት ሰው ካምቢዮውን ቀብሮታል።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ እዚህ የሚጻፈው ግማሹ ፍርሃት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። የእኛ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ ዳገት ላይ ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል። ጎረቤቴ ቢዋይዲ ሲገል አለው፤ ባትሪው 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቻይኖቹ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላሉ፤ እሱ በብርዳችን 300 ካገኘ ደስ ብሎት ያድራል። ለከተማ ሥራ ይሄ ለሳምንት ይበቃል። ማታ ቤት ሰክቶ ያድራል፤ ነዳጅ ሰልፍ የሚባል ነገር ረስቷል።

አንድ ቀን ግን ሸዋሮቢት ወርዶ ሲመለስ ደንግጦ ደወለልኝ። ባትሪው እንደ ውሃ እየፈሰሰ ነው አለኝ። አብረን አሰላነው። ሸዋሮቢት 1280 ሜትር ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከ3000 በላይ። መኪናውን ከነተሳፋሪው አንድ ተኩል ቶን ብንለው፣ ይህን ያህል ሽቅብ ማንሳት ብቻውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከባትሪው አንድ አምስተኛው ሊሞላ ነው። አልተበላሸም፤ ዳገቱ ነው። ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ይሞላል።

የኔ ስጋት ጥገናው ነው። ሲገሏ የሆነ ምልክት አብርታ ሰፈራችን ላለው መካኒክ ወሰዳት። ጎበዝ ሰው ነው፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር። ኮፈኑን ከፈተ፣ ብርቱካናማውን ገመድ አየ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ኮፈኑን መልሶ ዘጋ። «እቺን አዲስ አበባ ውሰዳት» አለ። ልክ አደረገ፤ ያ ገመድ ከባትሪው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከም ነው፤ ቀልድ አያውቅም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ይሄ ችግር አይደለም። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ደግሞ መብራት የሚጠፋበት ሰሞን አለ፤ ደብል ጋቢናህ ስላለ እንኳ አትቸገርም። አቅሙ ካለህና የምትነዳው ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ግዛ፣ አታመንታ። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ያገለገሉት ያለ ልካቸው ተወደዋል፤ የዋጋው ልዩነት እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም።

መኪና ልታይ ስትሄድ ማልደህ ሂድ። ከመድረስህ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሱት ንገራቸው። ስትደርስ መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጅህን አሳርፍ። ሞቆ ከጠበቀህ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገረው። ከዚያ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ብለህ እንዳትመለስ። ነዳጅ ራስህ ሞልተህ፣ ሻጩን ጎን አስቀምጠህ ጣርማ በር ድረስ ሂድና ተመለስ። «ምን አደረሰን እዚያ ድረስ» ካለ መልሱን አግኝተሃል።

ማኑዋል ያሪስ ምን እንደምትመስል መሞከር ከፈለግክ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና። ባለቤቴን ማስፈቀዱ ግን ያንተ ሥራ ነው፤ እኔን እምቢ ብላኛለች።