የእናትሽን የሐሞት ጠጠር የት እናሠራ ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባቸው፣ በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር ታይቶ ኦፕራሲዮን ታዟል ብለሻል። የመንግሥት ሆስፒታሉ ቀጠሮ ወራት ይርቃል፤ ካዛንቺስ ያለው የግል ሆስፒታል ደግሞ «ገንዘቡን አስይዙና በዚህ ሳምንት እንሥራላቸው» ብሏችኋል። ወንድሞችሽ ተበድረንም ቢሆን የግል ይሁን እያሉ ነው፣ አንቺ ግራ ገብቶሻል። እኔ የልደታ ልጅ ነኝ። በዚሁ በሽታ ታላቅ ወንድሜን የግል፣ አክስቴን የመንግሥት ሆስፒታል አስታምሜያለሁ። የእኔ እናት ቢሆኑ የማስተኛቸው የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ከተቻለ በፕራይቬት ዊንግ፣ ማለትም እዚያው በሚሰጠው የክፍያ ሕክምና።

የተለመደው ሐሳብ ቀለል ያለው ሕመም ወደ መንግሥት፣ ከበድ ያለው ገንዘብ ተፈልጎ ወደ ግል የሚል ነው። ለኦፕራሲዮን ግን ነገሩ መገልበጥ አለበት እላለሁ። ሌላ በሽታ የሌለበት ጎልማሳ አቅሙ ካለው የግል ይሂድ። በካሜራ፣ ሆዱ ላይ በሦስት አራት ትንንሽ ቀዳዳ ይሠራና ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ወንድሜ እንደዚያ ነው የሆነው። አልጋው ንጹሕ፣ ነርሷ ስትጠራ የምትመጣ፣ ወረፋ የሚባል ነገር የለ። ስኳርና ግፊት ላለባቸው ትልቅ ሰው ግን ጎበዝ ሰርጀን ብቻውን አይበቃም። ማደንዘዣውን ተጠንቅቆ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ስኳሩን የሚከታተል የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ሌሊት የሚሠራ ላብራቶሪ፣ ክፉ ቀን ከመጣም ቬንቲሌተር (ለመተንፈስ የሚረዳ ማሽን) ያለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) እዚያው ግቢ ውስጥ መኖር አለበት።

ከሁሉም በላይ የምመለከተው ሌሊቱን ነው። በብዙ የግል ሆስፒታል ሰርጀኑ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም። ጠዋት የመንግሥት ሆስፒታል ውሎ፣ ከሰዓት መጥቶ ቀድዶ ይሄዳል። ሌሊት የሚቀሩት ተረኛ ጠቅላላ ሐኪምና ነርሶች ናቸው። ወንድሜ በተሠራበት ሌሊት ትኩሳትና ቁርጠት ተነሳበት። ተረኛዋ ሐኪም ትሑትና ደግ ልጅ ነበረች፣ ግን የምትችለው ለሰርጀኑ መደወል ነው። እሱም አነሳ፣ በስልክ መድኃኒት አዘዘ፣ ነጋ። ወንድሜ ወጣት ስለሆነ ተሸከመው። አክስቴ የተኙበት ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ላብ ሲያጠምቃቸው ሬዚደንቱ ከዋርዱ አልራቀም ነበር፤ ወዲያው ስኳራቸውን ለካ፣ ወርዶ አገኘው፣ ግሉኮስ ሰቀለላቸው። «ተማሪ ይለማመድባቸዋል» እያሉ የሚያስፈራሩሽ ይኖራሉ። ሬዚደንት ማለት ሐኪም ሆኖ ተመርቆ ስፔሻሊቲውን የሚማር ሰው ነው፣ የሚቀድደውም በመደበኛው ከሲኒየር ሐኪሙ ጋር ነው። ጠዋት በራውንድ ሰዓት አሥር ነጭ ጋውን አልጋውን ሲከብበው እናትሽ ሊያፍሩ ይችላሉ፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አነስ ያሉ የግል ሆስፒታሎችና የቀዶ ሕክምና ማዕከሎች አይሲዩ ላይኖራቸው ይችላል። ስትጠይቂ «ከባድ ነገር ካጋጠመ ሪፈር እንጽፋለን» ይሉሻል። ሪፈሩ የሚጻፈው ወዴት ነው? በአምቡላንስ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ያውም ሌሊት፣ ያውም አልጋ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ። ያን ያህል ከፍሎ እዚያው ግቢ በድንገተኛ በር መግባት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ካዛንቺስ ያለውን ሆስፒታል በመጀመሪያ የምትጠይቂው ዋጋውን ሳይሆን ሌሊት ማን እንደሚያድር፣ የራሳቸው አይሲዩ እንዳላቸው፣ ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ ይሁን። በግልጽ ከመለሱልሽ ጥሩ ነው። ከተቆጡ ወይም «አይዞሽ፣ ምንም አይሆኑም» ብለው ካለፉሽ ተነሺና ውጪ።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ «ፓኬጅ» የሚሉት ነገር ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ ተቀበይ። የወንድሜ ፓኬጅ የሰርጀኑን፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉንና የአንድ ሌሊት አልጋን የያዘ ነበር። መድኃኒቱ፣ ላብራቶሪው፣ የማደንዘዣው ጭማሪ፣ የወጣው ሐሞት ፊኛ የሚመረመርበት ባዮፕሲ ሁሉ ከዚያ ውጪ ሆኖ መጣ። ሌሊት ያ ትኩሳት ሲነሳበት ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ሲታዘዝ ካሸሯ በቅድሚያ ማስያዣው ላይ ጨምሩ አለችን። ልጅቷ አትወቀስም፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራ። ግን በብድር ለሚያሳክም ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ሌሊት ሦስት ሌሊት ሲሆን ሂሳቡ የት እንደሚደርስ ቀድመሽ አስልተሽ ግቢ። ዘመድ ከዓመት በፊት የከፈለውን ዋጋም አትያዢ። ለካሜራው ሥራ የሚያስፈልጉት ክሊፖችና ዕቃዎች ከውጭ የሚመጡ ናቸው፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሕክምና ዕቃ ዋጋ ሌላ ሆኗል።

አሁን የመንግሥቱን ጉድ ልንገርሽ፣ ሰው ሳይነግርሽ ገብተሽ እንዳትደነግጪ። ቀጠሮ የተባለው ቀን የኦፕራሲዮን ቀን ላይሆን ይችላል፤ «አልጋ ሲገኝ እንደውላለን» ይሏችኋል። ስልኩን የሚመልስ ሰው ይኑር፣ የማታውቂውንም ቁጥር አንሺ፤ ስልክ ባለማንሳት ተራው ያለፈበት ሰው አጠገባችን ነበር። ገብተው ከተኙም በኋላ ድንገተኛ ሲገባ የእሳቸው ተራ ይገፋል። ያን ቀን ጠዋት ግፊታቸው ወይም ስኳራቸው ከፍ ካለም ይመልሷቸዋል፤ ይሄኛው ተገቢ ነው፣ ግን ጾመው አድረው መመለስ ያስለቅሳል። የስኳር ክትትላቸውን ከአሁኑ አስተካክሉ፤ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ጓንት፣ የስፌት ክር፣ አንዳንድ መድኃኒት ከውጭ ግዙ መባሉም አይቀርም፤ ከነማ መድኃኒት ቤት ወይም ቀይ መስቀል ሞክሩ እንጂ በር ላይ ካለው ብቻ አትግዙ። የወጣው ሐሞት ፊኛ በፎርማሊን ተደርጎ ለአስታማሚ ተሰጥቶ «ፓቶሎጂ (የሚመረመርበት ላብራቶሪ) ውሰዱት» ሊባል ይችላል። እኛ አክስቴ ዘንድ ጠጠሮቹን ለብቻ በጓንት ቋጥረው ሰጡን፣ እሳቸውም ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ ከረሙ። ፊኛው ራሱ መመርመሩን ግን አትርሺ።

አስታማሚ ደግሞ ትልቁ ሥራ ነው። ሌሊት አንድ ሰው ብቻ ያሳድራሉ፣ ወንበር ካገኘ ዕድለኛ ነው። አጥሚትና ሾርባ የሚያመላልስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቅርብ ሆስፒታል ምረጪ የምልሽ። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ከአገሪቱ ዙሪያ የከበደውን ሁሉ ስለሚቀበሉ ወረፋቸው የዚያኑ ያህል ነው። ለሐሞት ጠጠር የግድ እዚያ መድረስ የለብሽም። ዘውዲቱ ለካዛንቺስ ቅርብ ነው፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ደግሞ ራሱ የሕክምና ኮሌጅ ነው። ጤና ጣቢያው ሪፈሩን ሲጽፍ ወዴት እንደሚጽፍ ተነጋገሪ፤ አንዴ ከተጻፈ ማስቀየሩ ይጎትታል። ያለ ሪፈር ካርድ ክፍል ድረስ መሄድ ደግሞ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ድካም ነው።

ፕራይቬት ዊንግ ያልኩሽ በብዙዎቹ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው የክፍያ ሕክምና ነው። ያው ሰርጀን፣ ያው ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ሌሊትም ያው ተረኛ ቡድን፤ ክፍያው ከመደበኛው ይበልጣል፣ ከግሉ ግን በጣም ያንሳል። ወረፋው አጭር ነው፣ ሰርጀኑንም መምረጥ ይቻላል። ወንድሞችሽ ሊበደሩ ካሰቡት ገንዘብ ከፊሉን ከፍለው ቀሪውን ለመድኃኒት ማስቀመጥ ይችላሉ። አንዱን ሰርጀን በግል ክሊኒኩ ሄደሽ አማክሪውና «በየትኛው የመንግሥት ሆስፒታል ነው የሚሠሩት? እዚያ ሊሠሩልን ይችላሉ?» በይው። ቀና የሆነው ሐኪም ቀኑን ሳይቀር ይነግርሻል። የመንግሥት ሆስፒታል በር ላይ አግኝቶሽ ወደ ራሱ ክሊኒክ የሚጎትትሽ ካለ ግን እሱን ተይው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ በመደበኛው በኩል፣ ሪፈሩ በመስመሩ ከሄደ ያግዛችኋል። ለእኛ ፕራይቬት ዊንግ ላይ አልሠራም። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ በልማት ተነስታችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ የገባችሁ ከሆነ ደግሞ ካርዱ የተመዘገበበትን ወረዳና የታደሰበትን ቀን ዛሬውኑ እዩ።

መጠበቅ የሚባለው ነገር የሚሠራው ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ሻይ ከመሰለ፣ ወይም ቁርጠቱ ለሰዓታት አልለቅ ካለ ቀጠሮም ሪፈርም ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እስከዚያው ቅባት ይቀንሱ። ሁዳዴን ጾመው በፋሲካ በዶሮ ወጥ ሐሞት የሚነሳባቸውን ሰዎች እኛ ሰፈር እንኳ አውቃለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ምክሬንም ሊቀይረው ይችላል። የአልትራሳውንዱ ወረቀት ላይ ሲቢዲ የሚል ቦታ አለ፣ የሐሞት ቱቦው ስፋት ማለት ነው። እስከ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ በዕድሜ ትንሽ ሊሰፋም ይችላል። ከዚያ በደንብ ከሰፋ፣ ወይም የጉበት ምርመራቸው ከፍ ካለ፣ ጠጠር ወደ ቱቦው ወርዶ ሊሆን ይችላልና ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የቱቦውን ጠጠር ማውጣት) ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። እሱን የሚሠሩት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ የት እንዳሉ ሳይታወቅ ለካዛንቺሱ ሆስፒታል ማስያዣ እንዳትከፍሉ። የሲቢዲውን ቁጥር እዚህ ግሩፓችን ላይ ጻፊልን፣ በቅርብ ያሠሩ አባላት ካሉ የት እንደሄዱ ይነግሩሻል።