መልስ፦ አዋላጇ ከማዋለድ ሌላ ምን ታውቃለች?

እህቴ፣ «ጎረቤቴ ትናንት ማታ ተደፈረች፣ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ብቻ ናት፣ እሷ ምን ታደርግላታለች?» ላልሽው፦ ብዙ ታደርጋለች፣ አሁኑኑ ይዘሻት ሂጂ። እኔም እዚሁ ጎንደር አዋላጅ ነኝ።

ዋናው ሰዓቱ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ግን ሲዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። የአባላዘር መድኃኒትም አለ። ጤና ጣቢያው የሌለውን ሪፈር ትጽፍላችኋለች፤ ከአዘዞም ሁኑ ከማራኪ፣ ባጃጅ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው።

ከቻለች ሳትታጠብ ትምጣ። ልብሷን በፌስታል አትቋጥሩት፣ ይሻግታል፤ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ታጥባ ከሆነም ምንም አይደል፣ ሕክምናው በዚህ አይቀርም።

አዋላጇ በር ዘግታ ለብቻዋ ታነጋግራታለች። አንቺም እናቷም ውጪ ትቆያላችሁ፣ ጎረቤትሽ ራሷ ካልጠራቻችሁ በቀር። ያለ ፈቃዷ ምርመራ የለም፣ መሃል ላይ «ይብቃኝ» ካለችም ይቆማል። «ምን ለብሰሽ ነበር?» የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ (አሉ፣ አልዋሽም) ሌላ ሰው ጠይቁ።

እርግዝና ከመጣም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ማቋረጥን ይፈቅዳል፣ የራሷ ቃል ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ካሏት ተከራከሪላት። ክስ መመሥረት አለመመሥረቱን ሌላ ቀን ታስብበት፣ መድኃኒቱ ግን አይጠብቅም። በሽማግሌ እንጨርሰው የሚል ዘመድ ከመጣ ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።