የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ 45 ጊዜ «እስማማለሁ»

ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በኦንላይን ውይይት ማንበብንና መረጃ ማጣራትን ስለ ማስተማር ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡትን በዚህ እትም እንመልሳለን። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል የቋንቋ መምህርት ነኝ። ለ46 ተማሪዎቼ ግሩፕ ከፍቼ ምንባብ ለጠፍኩና «ከምንባቡ ምን ተረዳችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። የመጀመሪያዋ ልጅ አራት መስመር ጻፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ «እስማማለሁ»፣ «አሪፍ ሐሳብ ነው»፣ «እኔም እንደ እሷ» ነው። ልጆቹ ሰንፈው ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ ልጆቹ የተጠየቁትን መልሰዋል። «ምን ተረዳችሁ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ለመስጠት ምንባቡን ማንበብ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያዋን ልጅ አራት መስመር ማንበብ ይበቃል። ለዚህ ዕድሜ የሚሠራው ጥያቄ ወደ ገጹ ሳይመለሱ የማይመለስ፣ ደግሞም ሁለት ልጆች ሁለት ነገር ሊሉበት የሚችሉ ጥያቄ ነው። በዚህች አጭር አንቀጽ እንየው፦

«(1) ግመል ለብዙ ቀናት ውሃ ሳይጠጣ መቆየት ይችላል። (2) ሻኛው ውስጥ ያለው ግን ውሃ ሳይሆን ስብ ነው። (3) መኖ ሲጠፋ ሰውነቱ ስቡን ለጉልበት ይጠቀምበታል፤ ሻኛውም እየሟሸሸ ወደ ጎን ይወድቃል። (4) ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ 100 ሊትር ያህል መጠጣት ይችላል።»

«የግመል ሻኛ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ አንድ ልጅ «ስብ» ይልና 45ቱ ሥራ ይፈታሉ። «ስለ ግመል ምን ታስባላችሁ?» ቢሉ ደግሞ ሁሉም ይጽፋል፣ ማንም አያነብም። ይህኛውን ይሞክሩት፦ «ሻኛው ሟሽሾ ወደ ጎን የወደቀ ግመል አያችሁ። የጠፋበት ውሃ ነው ወይስ መኖ? የስንተኛውን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ነው እንዲህ ያላችሁት?» ጥድፍ ጥድፍ ብሎ ያነበበ ልጅ ዓረፍተ ነገር 1ን እና 4ን ይዞ «ውሃ» ይላል። ዓረፍተ ነገር 3ን ልብ ብሎ ያነበበ «መኖ» ይላል። ክርክሩ ሲነሳ ዳኛው ገጹ ይሆናል፤ እርስዎ መግባት አያስፈልግዎትም። የዓረፍተ ነገሮቹ ወይም የአንቀጾቹ ቁጥር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥር የሌለው ምንባብ ላይ «ምንባቡ ይላል» ብሎ ማምለጥ ይቻላል፣ ቁጥር ካለው አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር የግሩፑ ስፋት ነው። 46 ልጅ አንድ ቦታ ሲከማች አምስት ይጽፋሉ፣ የቀረው በጣቱ ወደ ታች እየሳበ ያልፋል። 8 ባለ 5 እና 1 ባለ 6 ቡድን ያድርጓቸው። ቡድኑ ከ4 ካነሰ አንድ ልጅ በቀረ ቁጥር ወሬው ይቋረጣል፤ ከ6 ከበለጠ ደግሞ መደበቂያ ይገኛል።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ልጅ የሌላውን ሳያይ የራሱን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሙድል (ትምህርት ቤቶች የኦንላይን ትምህርት የሚሰጡበት ሶፍትዌር) ላይ «ጥያቄና መልስ» የሚባለው የውይይት ዓይነት ተማሪው የራሱን መልስ ሳይለጥፍ የጓደኞቹን አያሳየውም፤ ከለጠፈም በኋላ የማረሚያ ጊዜው እስኪያልፍ ያስጠብቀዋል (መቼቱ ካልተቀየረ 30 ደቂቃ ነው)። በተራ ቻት ግሩፕ ይህ ስለማይገኝ መፍትሔው ደብተር ነው፤ የመጀመሪያ መልሳቸውን ክፍል ውስጥ ይጽፋሉ፣ እርስዎ እየዞሩ ይፈርማሉ፣ ማታ የተፈረመበትን እንዳለ ይለጥፋሉ።

የጊዜ ገደቡ ሁለት ይሁን። ሰኞ ምንባቡና ጥያቄው ይወጣል፣ የመጀመሪያው መልስ እስከ ማክሰኞ ማታ፣ ለሁለት ጓደኞች የሚሰጠው ምላሽ እስከ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ። ገደቡ አንድ ብቻ ከሆነ ሁሉም በመጨረሻው ሌሊት ይለጥፍና ምላሽ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል።

«እስማማለሁ»ን መከልከል አያስፈልግም፤ ብቻውን አይቆጠርም ማለት ይበቃል። ምላሽ የሚባለው ከሦስት አንዱን ያደረገ ነው፦ ከምንባቡ ሌላ ማስረጃ የጨመረ፣ ከምንባቡ ተቃራኒውን ያሳየ፣ ወይም ጓደኛው የዘለለውን ቃል አንስቶ የጠየቀ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መነሻ ሐረግ ይስጧቸው፤ «አንቺ … ብለሻል፤ ዓረፍተ ነገር 3 ግን … ይላል» ዓይነት። በሦስተኛው ሳምንት ይንሱት፤ አለዚያ ሐረጉን ሞልተው ማስረከብ ይለምዳሉ።

የእርስዎ ድርሻ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ዝም ማለት ነው። መምህር «ትክክል!» ያለ እለት ውይይቱ አለቀ። ከገቡም በጥያቄ ይግቡ፦ «ሁለታችሁም ዓረፍተ ነገር 3ን ጠቅሳችኋል፤ መልሳችሁ ግን ተለያየ። የለያያችሁ የትኛው ቃል ነው?»

ይህ ከተለመደ በኋላ የሥራ ድርሻ ማከል ይቻላል። አን ማሪ ፓሊንስካር እና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ንባብ በከበዳቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነበር። ተማሪዎቹ በየተራ እንደ መምህር ሆነው አራት ነገር ይሠራሉ፦ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት፣ ጥያቄ ማውጣት፣ የከበደውን ማብራራት፣ አሳጥሮ መናገር። ለባለ 5 ቡድን አራቱን ለአራት ልጆች ይስጡና አምስተኛው የተጠቀሱት ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን ያጣራ። ድርሻው በየሳምንቱ ይዙር፤ ካልዞረ አሳጥሮ የመናገሩ ሥራ ሁልጊዜ በጎበዟ ልጅ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ 46 ተማሪ በሳምንት ሦስት ሦስት ሲለጥፍ 138 ጽሑፍ ነው። መቼ አንብቤ ላርም?

መልስ፦ ሁሉንም አያርሙ። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ከጻፋቸው ሁለቱን መርጦ፣ ለምን እንደመረጣቸው በአንድ መስመር ጽፎ ያስረክብ። ከ4 ነጥብ 2ቱ ማስረጃውን በቁጥር ለጠቀሰ፣ 1ዱ ምላሹ አዲስ ነገር ለጨመረ፣ 1ዱ ደግሞ ከጓደኞቹ አንብቦ የራሱን መልስ ላሻሻለ ይሁን። ይህች የመጨረሻዋ 1 ነጥብ ሐሳብ መቀየር እንደማያሳፍር በቁጥር ትነግራቸዋለች። በየሳምንቱ ሁለት ቡድን ብቻ በጥልቀት ካነበቡ በ5 ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳሉ።

የፊደል ስህተትን በውይይቱ መሃል አያርሙ። በሰው ፊት «ሀ»ና «ሐ» የታረመበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጽፈው ግማሽ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ «አጣሩ» ሲባሉ ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣውን ገልብጠው ይለጥፋሉ። ምርምርን በውይይት ማስተማር በእርግጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የምርምሩ ጥያቄ ግን ከንባቡ ይውጣ። የግመሏ አንቀጽ አንድ ነገር ሳትናገር አልፋለች፦ ሻኛው የውሃ ማጠራቀሚያ ካልሆነ 100 ሊትሩ የት ይገባል? ይህን ራሳቸው እስኪጠይቁ ቢጠብቁ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ይጠይቀዋል።

ከዚያ የመጀመሪያው ትምህርት የፍለጋ ቃል ነው። «ግመል ሻኛው ውስጥ ውሃ እንዴት ያጠራቅማል» ብሎ የፈለገ ልጅ ስህተቱን ጥያቄው ውስጥ ይዞት ስለገባ ስህተቱን የሚያጸና ገጽ ይመጣለታል። መልሱን አስቀድሞ የማይገምት ቃል ይሻላል፦ «ግመል የጠጣው ውሃ ደም»። እንዲህ ሲፈለግ ውሃው ወደ ደምና ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንደሚገባ፣ የግመል ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላ እንደሆነና ሳይፈነዳ ብዙ ማበጥ እንደሚችል የሚያስረዱ ገጾች የመገኘት ዕድላቸው ይሰፋል። ቡድኑ የሞከራቸውን የፍለጋ ቃላት በሙሉ፣ ያልሠሩትንም ጨምሮ፣ ውይይቱ ላይ ይለጥፍ። ያልሠራ ቃል ዝርዝር ከመልሱ በላይ ያስተምራል።

ሁለተኛው ትምህርት ከገጹ መውጣት ነው። ልጆች አንድ ድረ ገጽ ይታመን እንደሆነ ለማወቅ እዚያው ገጽ ላይ ያፈጣሉ፤ ሥዕሉን፣ ዓርማውን፣ «ስለ እኛ» የሚለውን ያያሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የመረጃ አጣሪዎችን አወዳድረው ነበር። ምሁራኑ ሳይቀሩ ገጹ ላይ ቆዩ፤ አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው ስለ ገጹ ሌሎች የጻፉትን አነበቡ፣ ፈጥነውም የተሻለ ፍርድ ሰጡ። ለክፍል ሲተረጎም፦ ማንኛውንም ምንጭ ከመለጠፋችሁ በፊት ሌላ ታብ ክፈቱ፣ የድረ ገጹን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ፣ 2 ደቂቃ አንብቡ።

(መልኩ ያማረ ውሸት ማሳየት ከፈለጉ ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦክቶፐስ የሚያወራ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለቀልድ የተሠራ ድረ ገጽ አለ። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አሳይተዋቸው አብዛኞቹ አምነውታል፤ ውሸት መሆኑ ተነግሯቸውም ለመቀበል ያመነቱ ነበሩ።)

ሦስተኛው፣ ወሬን እስከ ምንጩ መከተል ነው። «የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ ይታያል» የሚለውን ይስጧቸው። አምስት ገጽ ያገኙና «አምስት ምንጭ አለን» ይላሉ። ከአንዱ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ፤ ያው ዓረፍተ ነገር በሌሎቹም ላይ ከተገኘ ተኮራረጁ እንጂ አልተስማሙም፤ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው። ቀጥለው ጠፈር ላይ የነበረ ሰው ምን እንዳለ ይፈልጉ። ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ እ.ኤ.አ. በ2003 ደርሶ ሲመለስ ግንቡን እንዳላየው ተናግሯል። እሱም የነበረው ምድርን እየዞረ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ ከዚያ እጅግ ትርቃለች።

እያንዳንዱ ምንጭ አራት ነገር ይዞ ይለጠፍ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ እሱስ ከየት አገኘው፣ ከሱ ያልገለበጠ ሌላ ማን ይደግፈዋል። ውክፔዲያን መከልከል ትርፉ መደበቅ ነው፤ ግርጌው ላይ ወዳሉት ምንጮች መሄጃ ይሁን፣ የሚጠቀሰውም ልጁ ከፍቶ ያነበበው ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ውይይቱን በስልክ ቻት ግሩፕ ሊያደርግ ነው። ልፍቀድ?

መልስ፦ ይጠይቁ። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የልጅዎ ስልክ ቁጥር ለአባላቱ ሁሉ ይታያል፤ የአገልግሎቱ ደንብም ተጠቃሚው ቢያንስ 13 ዓመት እንዲሆን ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ዝግ መድረክ ካለ ያ ይሻላል። ሌላ አማራጭ ከሌለ በወላጅ ቁጥር ትግባ፣ ፎቶ አይለጠፍ፣ ግሩፑ ውስጥ ከአንድ በላይ አዋቂ ይኑር፣ መምህር ለተማሪ በግል መልእክት አይጻፍ። ውይይቱ ሲያልቅ ግሩፑ ይዘጋ፤ ተረስቶ ክፍት የቀረ ግሩፕ ነው ከትምህርት ወደ ሐሜት የሚቀየረው።

ጥያቄ፦ ከተማሪዎቼ ግማሹ ቤታቸው ኢንተርኔት የላቸውም።

መልስ፦ ምንባቡ በወረቀት ይታደል፤ ኦንላይን የሚሆነው ውይይቱ ብቻ ይሁን። ኢንተርኔት የሌለው ልጅ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጥ፣ የቡድኑ ጓደኛ በልጁ ስም ይለጥፍለት፣ የመጣለትን ምላሽ ደግሞ በማግስቱ ገልብጦ ያምጣለት። ለዚህ ነው ከመልስ እስከ ምላሽ ሁለት ቀን የሚያስፈልገው። ቪዲዮና ከባድ ምስል አይለጥፉ።

ጥያቄ፦ አሁን ደግሞ መልሱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየጻፈላቸው ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ «ይህን ማሽን ጽፎታል» ብለው የሚፈርዱ መሣሪያዎችን ተማምነው ልጅ አይቅጡ፤ ራሱ የጻፈውንም ይወነጅላሉ። የሚያዋጣው ሥራውን መቀየር ነው። በማሽን የተጻፈ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳና ጠቅላላ ነው፤ የዓረፍተ ነገር ቁጥር አይጠቅስም፣ ትናንት ማታ ጓደኛው የጻፈውንም አያነሳም። ሁለቱን ግዴታ ያድርጓቸው። ቆራጥ ልጅ ምንባቡንም የጓደኛውንም መልስ ገልብጦ ሊያስገባለት ይችላል፤ እሱን የሚይዘው ደብተር ላይ የተፈረመበት የመጀመሪያ መልስና የዓርቡ 10 ደቂቃ ነው። «ዓረፍተ ነገር 3 ብለሃል፤ በቃልህ አስረዳን» ይበሉት።

ምንጭ እንዲያመጣላቸው የጠየቁ ልጆች ደግሞ የሌለ መጽሐፍና የማይከፈት ሊንክ ይዘው ይመጣሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ ያልከፈትከውን አትለጥፍ።

ከዚህ አልፎ ማሽኑን ራሱን ምንባብ ማድረግ ይቻላል። ስለ ግመል አንድ አንቀጽ ያስጽፉትና ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ሰጥተው ይለጥፉ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውሰድና በአንድ ምንጭ ያረጋግጥ ወይም ያፍርስ። ስህተት ካልተገኘ የጎደለውን ይፈልጉ፤ ስለ ሻኛው አውርቶ ውሃው የት እንደሚገባ ሳይናገር ያለፈ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ተገኘ።